አሥራ አንድ ፊርማ

ባለፈው ሳምንት ከጊዮርጊስ ወደ ፒያሳ ስወርድ አንድ የኮሌጅ ማስታወቂያ አየሁ። «ለተመረጡ ብቻ» ይላል፣ በትልቁ። እኔም አንድ ጊዜ ተመርጬ ነበር፤ ምን እንደሠራሁበት ልንገራችሁ።

ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ስንማር ከፍተኛ ውጤት ያመጣን አሥራ አንድ ተማሪዎች ለብቻችን የምንማርበት ክፍል ነበረን። አስተማሪያችን ዶክተር ዘውዴ ይባሉ ነበር። እዚያ ክፍል መቀመጥ ያኮራል፤ እኔማ መሬት አይንካኝ ብዬ ነበር። ታዲያ አንድ የጥቅምት ጠዋት ዶክተሩ አንድ የማታ ተማሪ ይዘውብን መጡ፤ ጋሽ ሸምሱን፣ ፒያሳ ክርና ቁልፍ የሚሸጡትን ጎልማሳ።

ደሜ ፈላ። በዚያው ቀን ኬክ ቤት ተቀምጬ፣ ማኪያቶዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ፣ የክፍሉ ደረጃ እንዳይወርድ ሰውየው ይውጡልን የሚል ማመልከቻ ለዲኑ ጻፍኩ። አሥራ አንዳችንም ፈረምንበት። ለወጉ ያህል መጀመሪያ ለዶክተር ዘውዴ ሰጠኋቸው።

በማግስቱ እንደ ፈተና ወረቀት በቀይ እስክሪብቶ አርመው መለሱልኝ።

«አማርኛሽ ያምራል» አሉኝ። «ማስረጃ ግን የለውም። አንድ ሳምንት አጠገባቸው ተቀመጪና እንደገና ጻፊው። ያኔም ካመንሽበት እኔው ራሴ ለዲኑ አደርስልሻለሁ፤ ይወጣሉ።»

ተቀመጥኩ። ጋሽ ሸምሱ የእንግሊዝኛውን ንባብ ደብተራቸው ላይ በእጃቸው ገልብጠው፣ በየቃሉ ጎን ፍቺውን በአማርኛ ጽፈዋል። እኔ ግማሹን እንኳ አላነበብኩትም፤ እንግሊዝኛዬ ይሸፍንልኝ ነበር። ሐሙስ ዕለት፣ ጥበብ የምትገኘው ከሥራ ነፃ በሆነ ሰው ዘንድ ነው ስለሚል የጥንት ፈላስፋ ስንነጋገር እጃቸውን አወጡ።

«ለመሆኑ ይሄ ሰውዬ ይህን ሲጽፍ ምሳውን ማን ይሠራለት ነበር?»

ሳቅን። ዶክተር ዘውዴ ግን ጠመኔያቸውን አስቀምጠው ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ በዚያው ጥያቄ ላይ አከራከሩን። ከዚያ የተሻለ ትምህርት ተምሬ አላውቅም። ማመልከቻውንም እንደገና አልጻፍኩም።

ስንመረቅ ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ሄጄ ሁሉንም ተናዘዝኩ። አፍሬ ቀና ማለት አቅቶኝ ነበር። እሳቸው ቁልፍ እየለዩ ሰሙኝና ፈገግ አሉ።

«ምነው ለእኔስ ሳታመጪልኝ ቀረሽ? እፈርምልሽ ነበር እኮ። እኔም የኔ ቦታ አይደለም ባይ ነበርኩ፤ ዶክተሩ ሦስቴ እዚህ ድረስ መጥተው፣ ለምነው ነው የወሰዱኝ።»

ዶክተር ዘውዴ ዛሬ በሕይወት የሉም። ብዙ የተማሩ ሰዎች አውቃለሁ፤ ተማሪ ፍለጋ ሱቅ ድረስ የሄደ ግን ከእሳቸው ሌላ አላየሁም። እኔም ጡረታ እስክወጣ ድረስ አስተማርኩ። የመጣውን ሁሉ ተቀብያለሁ፣ ማንንም አልመለስኩም። ወጥቼ የጠራሁት ሰው ግን አንድም የለም።