ያልተቀባው ቤት የት ገባ?

ይቺን ታሪክ ሳልነግራችሁ ከዋልኩ ሆዴ መፈንዳቱ ነው፤ ስሙኝማ!

እኛ ሰፈር አንድ ቀለም ቀቢ አለ። ሰፈራችን ከከተማው ዳር ነው፤ ቤቱ ሁሉ መንትያ ነው የሚመስለው፦ ያው ሁለት መስኮት፣ ያው አጭር አጥር፣ ያው የብረት በር። የሰውን ቤት ሁሉ አሳምሮ የቀባው እሱ ነው። የራሱ ግን አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲሚንቶው እንዳገጠጠ ቀረ። ሚስቱ «መቼ ነው የምትቀባው?» ካለችው መልሱ «ነገ» ነው። ሰፈሩም «ጋሼ ነገ» ብሎት አረፈው። ቤቱማ የመንገድ ምልክት ሆነ፤ እንግዳ ሲመጣ «ካልተቀባው ቤት ቀጥሎ ያለው» እንላለን።

አንዴ ሌላ ከተማ ሆቴል ሊቀባ ለሦስት ሳምንት ሊሄድ ሲል፣ ሚስቱ በር ላይ ቆማ «ሂድ! ስትመለስ ይሄን ቤት አታገኘውም» አለችው። ሳቀ። አውቶብስ ውስጥ ግን ሳቁ ቀዘቀዘበት። ምን ማለቷ ነው? ልትሸጠው? ወይስ ጥላኝ ልትሄድ? ሲደውል «ደህና ነኝ» ብላ ጆሮው ላይ ትዘጋዋለች። ሦስቱንም ሳምንት ሲብሰለሰል ከረመ።

ሥራው አለቀና በጠራራ ፀሐይ ከታክሲ ወረደ። ባልዲውን አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ ቢያቀና፣ ግራጫው ቤት የለም! አለፈው። ተመለሰ። ደግሞ አለፈው። ቤቱን በቁጥር አያውቀው፤ የሚያውቀው ባለመቀባቱ ነው እኮ!

ልብስ የምታሰጣ ጎረቤት ታየዋለች።

«ጋሼ፣ ምን ጠፋብህ?»

«ቤቴ!»

«ውይ በሞትኩት! ፊት ለፊትህ ተገትሮ?»

ዞር ቢል የበሰለ ፓፓያ የመሰለ ቤት። በቃ፣ ሸጠችው፤ አዲሱ ገዢ ነው የቀባው አለ በሆዱ። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ እያለ እንደ እንግዳ አንኳኳ።

ሚስቱ ብቅ አለች፤ ሻሿ ላይ ቀለም ተፈናጥቋል። ኮስተር ብላ «ማንን ፈልገው ነው፣ ጌታዬ?» አለችው።

«አልሸጥሽውም?»

«ምኑን?»

«አልሄድሽም?»

«የት አባቴ ልሂድ፣ ግድግዳው ሳይደርቅ!»

ሰውየው ቀረብ ብሎ ግድግዳውን አየ። ጥጉ ቀጥ ያለ፣ አንዲት ጠብታ እንኳ ያልወረደበት። እፎይ ብሎ ሳይጨርስ ደሙ ፈላ። «ማነው የቀባው? የየትኛው ሰፈር ቀቢ ነው?»

«እኔ ነኛ! ራት ላይ ‹መጀመሪያ ፈግፍግ፣ ከዚያ ስንጥቁን ድፈን፣ ጥጉን በቀጭን ብሩሽ› እያልክ አስራ ዘጠኝ ዓመት ጆሮዬን ስትበላው የማልማር መሰለህ? ሰኞ ደግሞ የጎረቤታችንን አጥር ልቀባ ተነጋግሬያለሁ።»

ይደሰት? ይፈር? ይኮራባት? ዞረበት። «እኔስ ታዲያ?» አለ እንደ ልጅ።

«አንተማ መሰላል ያዝልኛ! ግባ አሁን፤ ግድግዳውን እንዳትነካ!»

እሱ ግን ነክቶታል። ፓፓያ የሆነ መዳፉን ከኋላው ደብቆ ገባ።

ሰኞ ዕለት በዓይኔ አየሁት፤ መሰላሉን ግጥም አድርጎ ይዞ ወደ ላይ ያንጋጥጣል። ፊቱ ላይ ያለው ሳቅ ይሁን ልቅሶ፣ እኔም እስካሁን ግራ እንደገባኝ አለሁ። እናንተስ ሰፈር፣ ደጁ ላይ ቆሞ ቤቱ የጠፋበት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል?