ቤንዚን የሚለይ መዳፍ

ዳንግላ ላይ ቤንዚን በበርሜል የሚሸጠው አዝመራው ብቻ አልነበረም፤ ሾፌር ሁሉ ግን እሱ ደጃፍ ነበር የሚቆመው። ላምባ የተቀላቀለበትን ለመለየት እንደ ሌሎቹ አያሸትም፤ አፍንጫውማ ድሮ ጠግቧል። መዳፉ ላይ አንድ ጠብታ ያደርግና ዓይኑን ይጨፍናል። ደህናው ቤንዚን እጁን አቀዝቅዞት ብን ይላል፤ ላምባ ያለበት ግን ቅባቱ እጁ ላይ ይቀራል። "ይኼ ሞተር ያስላል" ካለ አለቀ፣ የሚከራከረው የለም።

በ1957 ዓ.ም. ክረምት ግን አዝመራው አዝመራው አልነበረም። ሚስቱ እታለማሁ በግንቦት ሞታ አርባዋ ከወጣ ሁለት ሳምንት ቢሆነው ነው። አላለቀሰም። ለቀስተኛው "ምን ዓይነት ድንጋይ ነው?" እያለ ሲያማው ሰምቶ እንኳ አልከፋውም። ቀብሯ ላይ ቆሞ ያስብ የነበረው የበርሜሉን ክዳን መግጠም አለመግጠሙን ነበር። ይበላል፤ ምን እንደበላ አያውቅም።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ በጠዋት፣ ሾፌሩ ደሴ ላንድሮቨሩን አምጥቶ ደጃፉ ላይ ገተረው። ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ የሆነ ልጅ ከኋላ እናቷ ጭን ላይ ተኝታለች። ከዘንገና እስከ እንጅባራ በቃሬዛ ነበር ያመጧት።

"ጋሼ አዝመራው፣ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ላደርሳት ነው። ሞተሩ መንገድ ላይ ከቆመ ልጅቱ አለቀላት። ደህናውን ይቅዱልኝ።"

ሁለት በርሜል ነበረው። ከጫግኒ የመጣው ላምባ እንዳለበት ሰው ነግሮት በከሰል ምልክት አድርጎበት ነበር፤ ምልክቱን ዝናብ አጥቦታል። ታዲያ ምን ቸገረው? መዳፉ አለ። ከአንዱ አንጠባጠበ፤ ምንም። ከሌላው አንጠባጠበ፤ ምንም። እጁን ጠርጎ ደገመው። ቅዝቃዜውም ቅባቱም አልተሰማውም። ሃያ ዓመት ቤንዚን የጠጣው ቆዳ እንደ ቁርበት ደርቋል። ከመቼ ወዲህ እንደሆነ እሱም አያውቅም፤ በልማድ "ደህና ነው" እያለ ሲቀዳ ከርሟል።

"ምነው ጋሼ?" አለ ደሴ። ልጅቱ አቃሰተች።

አዝመራው ወደ መኪናው ሄደና እናትየዋን፣ ወይዘሮ ሽታዬን፣ "እናቴ፣ እባክዎ እጅዎን ያውሱኝ" አላቸው።

ግራ ቢገባቸውም ዘረጉለት። ከመጀመሪያው በርሜል አንጠባጠበላቸው።

"ይኼ እንደ ቅቤ ተለጠፈብኝ" አሉ። ከሁለተኛው ሲያደርግላቸው ደንገጥ ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። "ውይ! ይኼስ በረዶ ነው። ደግሞ የት ሄደ?"

"እሱን እንቅዳ" አለው ደሴን።

በአሮጌ ባርኔጣ እያጠለሉ ሞሉት። ደሴ ሞተሩን ሲያስነሳ ወይዘሮ ሽታዬ መዳፋቸውን ልጃቸው ግንባር ላይ አሳረፉ። "ተመስገን፣ ትኩሳት የለባትም" አሉ። መኪናው አንዴም ሳያስል ራቀ።

አዝመራው እዚያው ቆሞ ቀረ። በግንቦት አንድ ጠዋት እታለማሁ እጁን ይዛ ግንባሯ ላይ አድርጋው ነበር። "ነደድኩ እኮ፣ እስኪ ዳብሰኝ" አለችው። ዓይኑን ጨፍኖ ዳበሳት። "ምንም የለብሽም፣ ተኚ" ብሏት ወደ በርሜሎቹ ሄደ። እሷም የሱን መዳፍ አምና ተኛች።

ማልቀስ ፈለገ፤ አልመጣለትም። ካፊያ ጀምሮ ነበር፤ እጁን ከጣሪያው ቆርቆሮ ጠርዝ አሳልፎ ዘረጋው። መዝነቡን የሚያውቀው በዓይኑ ብቻ ነበር።