ሁለት ስም ያለው ወንዝ

ፀዳለ አዳማ ገበያው አጠገብ ልብስ ትሰፋለች። ባሏ መርዳሳ ሹፌር ነበር። አምና ክረምት ሊገባ ሲል፣ የወንዞች ካርታ የሚሠሩ ባለሙያዎችን ይዞ በስተምዕራብ ወደ ቆላው ጫካ ወረደ። ወንዙን ሲሻገሩ ደራሽ ውሃ መኪናውን ጠራርጎ ወሰደው። ሌሎቹ ዘለው ወጡ፤ መርዳሳ አልወጣም።

በአካባቢው ሬድዮ «ሾባ ወንዝ የወሰደውን ሰው ያያችሁ» ተብሎ ተነገረ። አየሁ ያለ ጠፋ። ዕድርተኛው ድንኳን ሊተክል ቢመጣም ፀዳለ «ሬሳውን ሳላይ አላለቅስም» ብላ መለሰችው።

ዓመት አልፎ የዘንድሮው ክረምት ሲወጣ የቡድኑ መሪ ኢስሃቅ ያለቀውን ካርታ ይዞ ቤቷ መጣ። መርዳሳ የቀረበትን ቦታ በጣቱ አሳያት። እሷ ግን ሰማያዊውን መስመር ቁልቁል ተከተለችው። ከታች ሌላ ስም ተጽፏል።

«ይሄ ኦላም የሚለውስ?»

«ያው ወንዙ ነው። የላይኞቹ ሾባ ይሉታል፣ ከፏፏቴው በታች ያሉት ደግሞ ኦላም።»

«ታዲያ በሬድዮ ኦላም ተብሎ ተነግሯል?»

ኢስሃቅ አቀረቀረ። «ያኔ እኛም አናውቅም ነበር።»

ከመርዳሳ ወንድም ከያደታ ጋር ተነሳች። መንገዱ ካለቀበት በእግር ወርደው ከፏፏቴው በታች ካለች መንደር ደረሱ። አማርኛ የሚችል የጤና ሠራተኛ ከአንድ ሽማግሌ ጋር አገናኛቸው፤ እሱው አስተረጎመ።

«አግኝተነው ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ረጅም፣ የፊት ጥርሱ የተሸረፈ። ሬድዮውንም ሰምተናል። ሾባ የሚባል ወንዝ ግን እኛ አናውቅም። ወገን ይመጣል ብለን ጠበቅን፤ ሲቀር ዳር ካለው ዛፍ ሥር ቀበርነው።»

ፀዳለ ብድግ አለች። «ያሳዩኝ፣ አባቴ።»

ሽማግሌው ከተቀመጡበት አልተነሱም። «ዘንድሮ ውሃው ሞልቶ ዳሩን ናደው፣ ልጄ። ዛፉም የለም።»

ቢሆንም ሄደች። ከተናደው አፈር ጫፍ ስትቆም ያደታ ውሃው ውስጥ ትገባለች ብሎ ፈርቶ ነጠላዋን ከኋላ ጨምድዶ ያዘ።

«እዚህ ነበር» አለች። «ክረምቱ ሳይገባ ብመጣ ኖሮ ወስጄ አገሩ እቀብረው ነበር።»

አዳማ ስትመለስ ድንኳኑ ተተከለ። ኢስሃቅም ለቅሶ ደረሰ። አጠገቧ ተቀምጦ፣ «ካርታው ታተመ። ከእንግዲህ ሁለቱም ስም ይታወቃል» አላት።

«ለማን?» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።