ከመካ ኬላ ወዲህ የጸለይኩት ጸሎት

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ጌታ ያደረገልኝን እመሰክር ዘንድ ፈቃዳችሁን እጠይቃለሁ። ዕድሜዬ ገፍቷልና ዓመቱን በእርግጠኝነት መጥራት አልደፍርም፤ ዘመኑ የደርግ፣ አገሩም ጅዳ እንደነበር ግን አልጠራጠርም።

መሐንዲስ ነበርኩ፤ ትምህርቴም እግዚአብሔር እንደማያስፈልገኝ አሳምኖኝ ነበር። በኒ ማሊክ በሚባል የጅዳ ሰፈር በሚገኝ የማቀዝቀዣ መጠገኛ እየሠራሁ፣ ሙያ ሳይዙ ከአገር የተሰደዱ ወጣቶችን ከሥራ ሰዓት በኋላ አስተምር ነበር። ከእነርሱ አንዱ፣ በጽዳት የተቀጠረው የወሎው ሰይድ ነው።

አንድ ቀን መካ፣ ዑተይቢያ ሰፈር፣ የአንድ ሥጋ ነጋዴ ማቀዝቀዣ ክፍል ተበላሸ። ሙስሊም ያልሆነ ሰው መካ አይገባምና እኔ መሄድ አልችልም፤ ሙስሊሙ ጠጋኝ ደግሞ ታሟል። "ሰይድ ይሂድ፤ ይችላል" ብዬ ጸናሁ።

አሠሪያችን ካፊሉ፣ "ከሠራው የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማው፣ በቴክኒሻንነት ይታደሳል፤ ካበላሸው ኻላስ፣ ወደ አገሩ" አለ። አገር ቤት የሚጠብቀው ውትድርና ነበር።

የመጠገኛው ሾፌር በሚነዳው መኪና፣ ሙስሊም ያልሆነ እስከማያልፍበት የመካ ኬላ ድረስ ሸኘሁት። መንገዱን ሙሉ ስለ ኮምፕሬሰሩ ስነግረው ሳቀብኝ።

"ጋሼ፣ መካ የምገባው እኔ፣ የሚንቀጠቀጡት እርስዎ። ይህን እኮ ትናንትም ነግረውኛል። ይልቅ ዱዓ ያድርጉልኝ።"

"ጸሎት አላውቅም።"

"ያን ሁሉ ተምረው?"

እኔ ወረድኩ፤ መኪናው እርሱን ይዞ አለፈ።

ወገኖቼ፣ ከዚያ ወዲያ ልረዳው የምችልበት መንገድ አልነበረኝም። "ጌታ ሆይ፣ ካለህ፣ እኔ ከማልገባበት ቦታ አብረኸው ግባ" አልኩ። በአፌ ይሁን በልቤ፣ አላስታውስም። ወሬው ገና ሳይደርሰኝ ግን ከዚያ በፊት የማላውቀው ሰላም ያዘኝ።

በሌላ መኪና ወደ ጅዳ ተመለስኩ። ሰይድ ከሰዓት በኋላ ልብሱ በቅባት ተለውሶ መጠገኛው ደረሰ።

"ሠራ፤ አልሐምዱሊላህ።"

"አሜን" አልኩ።

"ጋሼ፣ አላውቅም አላሉም እንዴ?"

ማቀዝቀዣውን የጠገነው የሰለጠነ እጁ ነው፤ ከዚህ በላይ አላጋንንም። እኔን ግን ጌታ ሰማኝ። ብዙም ሳይቆይ፣ እዚያው ጅዳ፣ ሩዋይስ ሰፈር በአንድ ቤት ከሚሰበሰቡ አማኞች መካከል ሕይወቴን ለክርስቶስ ሰጠሁ። የሰይድም ኢቃማ ታደሰ፤ በተራው ሌሎችን አሠለጠነ። ክብር ለስሙ ይሁን።

ዛሬ በዚህ ዕድሜዬ የማመሰግነው ስለዚህ ነው። ልጆቻችሁን ሙያ አስይዛችሁ ወደማትደርሱበት የምትልኩ ወላጆች፣ ማስተማሩን ከቶ አታጓድሉ፤ የቀረውን ለእርሱ አደራ ስጡ። ገና የማታምኑም ካላችሁ፣ እምነታችሁ እስኪሞላ አትጠብቁ። ከነጥርጣሬያችሁ ጥሩት፤ እኔን ከነጥርጣሬዬ ሰምቶኛል።