የአሳው ጥፋተኞች

በአርባ ምንጭ፣ በቤተ ሙከራችን ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ ሳለሁ የተጠበሰ አሳ ሽታ በመስኮት ገባ። ቀድሞ ያስታወሰው ጉሮሮዬ ነው።

ሰባት ዓመቴ ነበር። ሸማኔው አባቴ ከዶርዜ ወደዚሁ ከተማ ጋቢ ሊሸጥ ሲወርድ አስከተለኝና ገበያው ዳር አሳ ቀመስኩ። ከንፈሬ አበጠ፤ ትንፋሼ ያፏጭ ጀመር። አባቴ ታቅፎኝ ወደ ጤና ጣቢያ እየሮጠ፣ "ጎሜ ነው! ምን አጠፋሽ? ተናገሪና ይልቀቅሽ!" ይለኛል። ጎሜ እኛ ዘንድ ክልክል የጣሰ ሰው ላይ የሚወርድ መዘዝ ነው፤ ካልተናዘዙ አይለቅም። እያለቀስኩ፣ የዘረጋውን ድር መርገጤን ተናዘዝኩ። እብጠቱ ግን ባሰ።

ነርሷ ጭኔን በመርፌ ወጋችኝ። ትንፋሼ ሲመለስ፣ "ወንድሜ፣ ልጅቷን አይቆጧት። የሰውነቷ ዘበኞች አሳው ሌባ መስሏቸው ነው" አለችው። የትኞቹ ዘበኞች? ስፈልጋቸው አደግኩ።

ይኸው፣ ዛሬ ከሌንሱ ሥር ተገኙ። ማስት ሴሎች ይባላሉ፤ ሆዳቸው በሐምራዊ ቅንጣት ታጭቋል። ያን ጊዜ ያበጥኩት ቅንጣቱን ስለረጩት ነው። ወዲያው ዶርዜ ደወልኩ።

"አባዬ፣ ጥፋተኞቹን አገኘኋቸው!"

"የምኑን?"

"የአሳውን! እኔ አልነበርኩም!"

ሳቁ ስልኩን ሞላው።

"እንግዲያው እነሱ ይናዘዙ!"