የጨመርኩለት አራት ማይል

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በኮልተን ከተማ ፖስታ አድያለሁ። አንድ ደብዳቤ አልጠፋብኝም፤ የሰው ፖስታ ወደ ብርሃን ይዤ እንኳ አላየሁም። ለጉራ አይደለም ይህን የምለው። ታማኝ ሰው ይሉኝ ስለነበር፣ ታማኝ የተባለ ሰው ምን ሊሠራ እንደሚችል እንድታውቁት ነው። ስሜ ዌንደል ክረምፕ ነው። ከሌላ ከምትሰሙት ከራሴ አፍ ስሙት።

ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ የከተማችን የቤዝቦል ቡድን፣ በቅሎዎቹ፣ ለበጋው ጨዋታ ሥራ ሰጡኝ። በቅሎዎቹ የሚጫወቱት በታችኛው ሊግ፣ ያውም በታችኛው መጨረሻ ነው። ልጆቹ ሃያ ዓመት ቢሆናቸው ነው፤ አውቶቡሳቸው ከነሱ በዕድሜ ይበልጣል፤ ሁሉም ትልቁ ሊግ ሊገባ አንድ ሐሙስ የቀረው ይመስለዋል። ከሠላሳው አንዱ ከገባ ተአምር ነው። የኔ ሥራ ከተመልካቹ በላይ ባለች የጣውላ ክፍል ተቀምጬ የኳስ ፍጥነት ማሳየት ነበር። ወርዋሪው ኳሱን ወደ ባለ ዱላው መቺ ሲወረውር መሣሪያው ቁጥሩን ለኔ ያሳየኛል፤ እኔ ቁልፍ ተጭኜ ትልቁ ሰሌዳ ላይ አወጣዋለሁ። በቃ ይኸው ነው። ባለቤቴ ኦፓል "ለዝንጀሮም አይከብዳት" ትለኝ ነበር።

በዚያ በጋ ኮይ ባስኮም ከኦክላሆማ መጣ። ክለቡ ለልጆቹ ቤት አይከራይም፤ የከተማው ሰው እየተካፈለ ያሳድራቸዋል። ኮይ ለኛ ደረሰን። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጆሮው ቀጥ ብሎ የቆመ ልጅ ነው። ኦፓል የበቆሎ ዳቦ ጋግራ ስታወጣ የመጨረሻዋን ቁራሽ እያነሳ "እትዬ ኦፓል፣ ይቺን ለብቻዋ አይተዉአት፣ ትፈራለች" ይላታል፤ እሷም በሳቅ ትሞታለች። እኛ አልወለድንም። እንደ ልጃችን ወደድነው ብል ደስ ባለኝ። ግን ልጅን እንዲህ አያደርጉትም።

ክንዱ ተስፋ የሚጣልበት ነበር። ኳሱ በሰዓት ዘጠና፣ ዘጠና አንድ ማይል ይበራል። ደግ ነው፤ ለትልቁ ሊግ ግን ብቻውን አይበቃም። የወርዋሪዎቹ አሠልጣኝ ሳንዶቫል የሚባል አጭር፣ ቁጡ ሰው ነበር። ነጋ ጠባ ኮይን ይነዘንዘዋል።

"አንተ ልጅ፣ ቀስ የምትለዋን ኳስ ተማር! መቺው ፈጣን ስትመጣ ሲጠብቅ ዝግ ያለችዋን ስጠው፤ ዱላውን አየር ላይ ያወናጭፈዋል። ኑሮህ እሷ ናት። በጉልበት ብቻ አይሆንም፣ ክንድህን ትገድለዋለህ።"

ኮይም መማር ጀምሮ ነበር። እኔ እስክገባበት ድረስ።

ተመልካች እየሳሳ ሲሄድ የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ጊል ታርቨር ከፍሎሲ አይስክሬም ቤት ጋር ተዋዋለ፤ ሰሌዳው ዘጠና ስምንት ባሳየ ቀን ለገባው ሰው ሁሉ አይስክሬም በነጻ። ከዚያ ደረጃውን እያለከለከ ወጥቶ ወደኔ መጣ።

"ዌንደል፣ ያንተ ልጅ ስንት ይወረውራል?"

"ዘጠና አንድ።"

"ለዘጠና አንድ ማን ከቤቱ ይወጣል? ትንሽ ጨምርለት እንጂ።"

"ምን ያህል?"

"ኧረ አራት ብትጨምር ማን ይሞታል!"

እውነት ማን ይሞታል አልኩና አራት ጨመርኩ። ሰሌዳው ዘጠና አምስት ሲል ሕዝቡ ብድግ አለ፤ "አይስክሬም! አይስክሬም!" እያለ አጥሩን ደበደበ። ኮይ ዞር ብሎ ሰሌዳውን አየ። ፊቱ ሲበራ ከላይ ሆኜ አየሁት፣ ደስም አለኝ። ዛሬ ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ያ ደስታዬ ነው።

ከዚያ ወዲያ ልጁ ማንንም አልሰማ አለ። ሳንዶቫል የራሱን መለኪያ ከኪሱ አውጥቶ "ዘጠና አንድ ነው፣ ተመልከት!" ሲለው፣ ኮይ ጓደኞቹ ፊት "አሠልጣኝ፣ የእርስዎ መለኪያማ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው" ብሎ አሳቀበት።

በማግስቱ ሳንዶቫል እኔ ክፍል ወጣ። ቆቡን አወለቀ።

"ዌንደል፣ ተው።"

"ምኑን?"

"አታሹፍብኝ። ልጁ የሌለውን ጉልበት ያለው መስሎታል። ቀስ ያለችዋን ኳስ እርግፍ አድርጎ ተዋት። ዘጠና ስምንት ላምጣ ብሎ ክንዱን እየበጠሰው ነው።"

"የጊል ትእዛዝ ነው።"

"ጊል ከልጁ ጋር ራት አይቀርብም። አንተ ትቀርባለህ። አንተ ንገረው።"

መድረሻ ሲጠፋኝ ተቆጣሁ። "አንተስ ለምን አትነግረውም? ዌንደል ነው የሚዋሽህ በለዋ!" አልኩት።

"ከቤቱ ርቆ የመጣ ልጅ ነው" አለኝ። "እዚህ ያለችው ያንተና የኦፓል ቤት ናት። እሷን ላሳጣው? እኔን ውሸታም ይበለኝ፣ ግድ የለም፣ እችለዋለሁ።" ቆቡን አድርጎ ወረደ።

ያን ቀን ራት ላይ ኮይ ሹካውን አስቀምጦ ጠየቀኝ።

"ጋሼ ዌንደል፣ ሰሌዳው ልክ ነው አይደል? ሰውየው ዘጠና አንድ ነው የምትወረውረው እያለ ያደርቀኛል።"

ኦፓልም ቀና ብላ አየችኝ። እሷ ምንም አታውቅም። አንድ ቃል ብናገር ያልቅ ነበር። ልጁ ሁለት ቀን ያኮርፈኛል፤ ከዚያ ወደ ሳንዶቫል ይመለሳል። እኔ ግን በሚስቴና በልጁ ፊት ማነስን ፈራሁ።

"መሣሪያ አይዋሽም" አልኩት።

"አላልኳችሁም? የሰውየው ቅናት ነው እንጂ" አለና ዳቦውን ቆረሰ። ደብዳቤ ያልጠፋብኝ ሰውዬ! ምነው ያን ጊዜ ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ።

የነሐሴ መጨረሻ ጨዋታ ላይ ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ። ሕዝቡ ከመጀመሪያው "አይስክሬም!" እያለ ነው። ኮይ የወርዋሪው መቆሚያ ጉብታ ላይ ቆሞ ትንፋሹን ዋጠ፣ መላ አካሉን ወደ ኋላ ስቦ ወረወረ። መሣሪያዬን አየሁ፤ ዘጠና አራት ይላል። የእውነት ዘጠና አራት! በሕይወቱ እንደዚያ ወርውሮ አያውቅም። ጣቴ ግን ለምዷል። ሰሌዳው ዘጠና ስምንት አለ።

ቆብ ወደ ሰማይ ተወረወረ። የማይተዋወቀው ተቃቀፈ። ኮይ በግራ እጁ የቀኝ ክርኑን ይዞ፣ ሰሌዳውን እያየ ይስቃል። እየሳቀ መሬት ቁጭ አለ። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ወደሱ የሮጠው ሳንዶቫል ብቻ ነው።

አንዲት ልጅ ለኔም ድርሻዬን ይዛልኝ ወጣች። ቫኒላ ነበር። እታች ልጁን ደግፈው ሲያስወጡት እየታየኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በላሁት።

የክርኑ ጅማት ተበጥሶ ነበር። ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ በቀጣዩ ጸደይ ክለቡ አሰናበተው። ሳንዶቫል ደብዳቤ ጻፈለት፤ "ሌላ ቡድን ይዣለሁ፣ በቀረህ ክንድ ቀስ ያለችዋን ኳስ አስተምርሃለሁ፣ ና" ይላል። ኮይ አንብቦ "ይሄ ውሸታም ደግሞ!" ብሎ ወጥ ቤታችን ውስጥ ቀደደው። ቁርጥራጩን ጠርጌ የጣልኩት እኔ ነኝ። ያቺ አንዲት ደብዳቤ ጠፋችብኝ።

ኮይ እዚሁ ቀረ፣ አገባ፣ የማቀዝቀዣ መጠገኛ ሱቅ ከፈተ። ግድግዳው ላይ ዘጠና ስምንት ያለው የሰሌዳው ፎቶ በመስታወት ተሰቅሏል። ደንበኛ በመጣ ቁጥር "ጋሼ ዌንደል ምስክሬ ነው፣ ይንገሩት እስቲ!" ይለኛል። "አዎ" እላለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት አዎ አልኩ። ኦፓልም ሳታውቅ ሞተች።

ዘንድሮ ሳንዶቫል ማረፉን ጋዜጣ ላይ አነበብኩ። ኮይ ጋ ሄጄ ቀብር እንሂድ ወይ አልኩት። "ለውሸታም አበባ አልገዛም" አለኝ። ሦስት ሳምንት እህል አልወርድልህ አለኝ። ኀፍረቱ የኔ ሆኖ የውሸታምነቱን ስም የተሸከመው ያ ሰው ነው፤ ጭራሽ ይዞት ተቀበረ።

ሱቁ ሄጄ በሩን ዘጋሁ። ቆሜ ነገርኩት፤ አንዱንም አልደበቅኩም። መፍቻ ይዞ እንደ ጎነበሰ ሰማኝ።

"ስንት ነበር?" አለኝ።

"ዘጠና አንድ። የመጨረሻዋ ዘጠና አራት።"

"ሳንዶቫል ያን ጊዜ ያውቅ ነበር?"

"ያውቅ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገረኝም?"

ሳንዶቫል ጣውላው ክፍል ውስጥ ያለኝን ቃል በቃል ነገርኩት። ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየው።

"ሚስቱ አለች?"

"አለች፣ ሉፔ ትባላለች። የምትኖረው ጆርጂያ ነው ይላል ጋዜጣው።"

መፍቻውን አስቀመጠ። ኮይ ሁልጊዜ ጋሼ፣ እርስዎ ነበር የሚለኝ። "ተነሥ" አለኝ፤ "መኪናውን አንተ ትነዳለህ።"

አራት ሰዓት ሙሉ ነዳሁ። በሩን የከፈቱልን ትንሽ አሮጊት ናቸው። ኮይ ከኋላዬ ቆመ። ባርኔጣዬን አወለቅሁ።

"እትዬ ሉፔ" አልኳቸው፣ "ባለቤትዎ ዋሽተው አያውቁም። ዘጠና አንድ ነበር።"