ስሜ ከባሌ አፍ የጠፋ ጊዜ

መጀመሪያ የጠፋው «ቁልፍ» የሚለው ቃል ነበር። ባለቤቴ ናስር፣ ጅማ ቦሳ አዲስ ሰፈር ባለችው የሕንፃ መሣሪያ ሱቃችን ቆሞ፣ የመጋዘኑን ቁልፍ እንዳቀብለው እጁን ዘርግቶ «እስቲ ያንን... ፉርቱ» አለኝ። ፉርቱ በኦሮምኛ ቁልፍ ነው። አቀበልኩት። ጅማ ውስጥ እንዲህ ያለውን ነገር ማን ልብ ይላል? ወሬያችን በአማርኛ ተጀምሮ በኦሮምኛ ያልቃል። እኔ ራሴ ከወሎ የመጡ ነጋዴዎች ልጅ ሆኜ፣ ስናደድ የሚቀናኝ ኦሮምኛ ነው። እሱ ደግሞ ከጅማ ወጣ ብላ ባለችው አሰንዳቦ በኦሮምኛ አፉን የፈታ ነው፤ ከተጋባን ጀምሮ ግን ቤት ውስጥ የምናወራው በአማርኛ ነበር።

ከዚያ ገመዱ ፉኞ፣ በሩ ባልበላ ሆነ። «ሰውዬ፣ ጠቅልለህ አሰንዳቦ ልትገባ ነው እንዴ?» እያልኩ አሾፍበታለሁ፤ ይስቃል። እኔንም «ሃዳ መና» ማለት ጀመረ፤ ሚስቴ፣ የቤቴ እመቤት እንደማለት ነው። ወላሂ ደስ አለኝ! ከስንት ዓመት ትዳር በኋላ እንዲህ የሚያቆላምጥ ባል ከየት ይገኛል? ለጎረቤት ሁሉ ጉራዬን ነዛሁ። ሰዓዳ የሚለው ስሜ ጠፍቶበት እንደሆነ በምን አውቄ! ጠዋት ጠዋት ራሱን ሲያመው የስሚንቶው ብናኝ ነው አልን። ማስታገሻ ይውጥና ሱቁን ይከፍታል።

ለዒድ አሰንዳቦ እናቱ ቤት ሄድን። አማቴ ከኦሮምኛ ሌላ አይናገሩም። ምሳ ሲቀርብ «ሰዓዳን ጥራት» አሉት። በሩ ላይ ነበርኩ። ዞረ። አየኝ። አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። ሃዳ መና እንኳ አልመጣለትም። ቀኝ እጁ ተንቀጠቀጠ። ፊቱ ወደ አንድ ጎን ተጣመመ። ወደቀ። እናቱ «ያ ረቢ!» ብለው ጮኹ። እኔ አልጮኽኩም። ጭንቅላቱን ይዤ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። የሳቅኩበት ሁሉ ያኔ ገባኝ።

ጅማ ሆስፒታል ያየው ሐኪም ሲቲ ስካኑን ተመልክቶ በአንጎሉ ግራ በኩል፣ ንግግር በሚታዘዝበት አካባቢ፣ ዕጢ እንዳለ ነገረን። የሚጥለውን የሚከላከል መድኃኒትና ለአንጎሉ እብጠት ዴክሳሜታሶን አዝዞ ለቀዶ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ላከን። እዚያ ኤም አር አይ ከተነሳ በኋላ ቀዶ ሐኪሟ አስቀምጣ አነጋገረችን።

«ምስሉ ግሊዮብላስቶማ ይመስላል። ከአንጎል ዕጢዎች ኃይለኛው ነው። ማረጋገጫው የዕጢው ናሙና ምርመራ፣ ፓቶሎጂው ነው። የቻልነውን ያህል እናወጣለን፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይወጣም።»

«ይናገራል?»

«እሱን ቃል አልገባልዎትም።»

ቀጥላ፣ ከሚወጣው ዕጢ ጥቂቱ ለምርምር እንዲቀመጥ ፈቃዳችንን ጠየቀች። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ማይክሮ አር ኤን ኤ የሚባሉ እጅግ ትንንሽ ነገሮች አሉ አለች፤ ሥራቸው ጂኖችን ዝም ማሰኘት ነው። እንዲህ ባለው ዕጢ ውስጥ ሚዛናቸው ይዛባል። አንዳንዶቹ ከመጠን በላይ በዝተው፣ የተበላሸውን ሕዋስ «ሙት» ብለው የሚያዙትን ጂኖች ዝም ያሰኛሉ። ዕጢውን የሚገቱት ደግሞ ይመናመናሉ።

«ዘበኛውን አፉን አፍነው ሌባውን አስገቡት ማለት ነዋ» አልኩ።

«ለመነሻ ያህል ይበቃል» አለች።

«ለእሱ ይደርስለታል?»

«አይመስለኝም። ገና ጥናት ነው እንጂ መድኃኒት አልሆነም። ከእሱ በኋላ ለሚመጡት ነው።»

ደሜ ፈላ። የእኔው ሰው እንዲህ ሆኖ፣ ለማላውቀው ሰው የማዋጣው ምን አለኝ? እምቢ ልል ስል ናስር እጄን ያዘኝ። ከከንፈሩ ጋር ሲታገል ቆየና «ሃ ታኡ» አለ። ይሁን ማለቱ ነው። በዚያ ሰሞን ከአፉ ሙሉ ሆኖ የወጣው እሱ ብቻ ነበር። እኔም እስኪፈርም የፈቃዱን ወረቀት ያዝኩለት።

ከቀዶ ሕክምናው ነቃ። ዓይኑ ያውቀኛል። አፉ አያውቀኝም። የፓቶሎጂው ውጤት መጣ። ግሊዮብላስቶማ፣ ደረጃ አራት። ውጭ ወጥቼ አለቀስኩ። ፊቴን ታጥቤ ተመለስኩ።

እብጠቱ እየጎደለ ሲሄድ ቃላቱ እንደዘገዩ እንግዶች አንድ አንድ እያሉ ይመጡ ጀመር፤ በመጀመሪያ የእናቱ ቋንቋ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ አማርኛው። የጨረር ሕክምናውን ጨርሶ፣ ቴሞዞሎማይድ የሚባለውን የካንሰር እንክብል ይዘን ጅማ ከተመለስን በኋላ፣ ባንኮኒው ጋ ወንበር አስቀምጬለት፣ የሆስፒታሉ የንግግር ሕክምና ባለሙያ እንዳሳየችን ሚስማሩንም ገመዱንም ማጠፊያውንም እያነሳሁ ስማቸውን አስጠራው ነበር፤ ሲሳሳት አልቆጣውም፣ ሲደክመው እንተወዋለን። የራሴን ስም ግን አንድም ቀን አልጠየቅኩትም። ፈራሁ።

አንድ ቀን ጓሮ ስሚንቶ ሳስወርድ፣ ከፊት ደንበኛ ቆሞበት ኖሮ ናስር ቱግ አለ።

«ሰዓዳ! ቁልፉን የት አባሽ ነው የጣልሽው?»

የስሚንቶው ከረጢት ላይ ዝርፍጥ ብዬ ተንሰቀሰቅኩ። ደንበኛው ሽማግሌ ነበሩና «ምነው ልጄ፣ ሚስት ላይ እንዲህ ይጮኻል?» ብለው ገሠጹት። «ተዉት አባቴ፣ ይጩህብኝ!» አልኳቸው።

አልሃምዱሊላህ። ሐኪሟ በሽታው ሊመለስ እንደሚችል አልደበቀችንም። ኤም አር አይ ሲነሳ ውጤቱ እስኪነገረን እህል አይወርድልኝም። እሷንም፣ ሌት ተቀን የደከሙልንን ነርሶችም አላህ ይስጥልን። ያቺን የዕጢ ቁራጭ የሚያጠኑትን አላውቃቸውም፤ ሥራቸውን አላህ ያሳካላቸው። አሁን እኔም «ሃ ታኡ» ብያለሁ።

እናንተም ቤት ይህ ከገባ፣ መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ያልገባችሁን ደጋግማችሁ ጠይቁ። ሰው ትናንት የሚያውቀው ቃል ዛሬ ሲጠፋበት ካያችሁ እንደ እኔ አትሳቁ፤ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። እኅቴ፣ ባልሽ በሌላ ቋንቋ ሲያቆላምጥሽ ደስ ይበልሽ፤ ግን ስምሽንም አስጠሪው። ናስር ዛሬም ሃዳ መና ይለኛል። «መጀመሪያ ስሜን» እለዋለሁ፤ እየተነጫነጨ ይጠራኛል።